ነባር ትምህርት ቤቶች በሲሚንቶም በክረምትም አይለሰኑ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ትምህርት ቤቶች የሚታደሱት ተማሪው ለክረምት ሲበተን ነው። ለብሎኬት ሕንፃ ይህ ብዙም አይከፋም። በድንጋይ፣ በጭቃና በኖራ ለተሠሩት ነባር ትምህርት ቤቶች ግን ከሐምሌና ነሐሴ የባሰ ወቅት የለም።

ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. ሲከፈት፣ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ (1909 ዓ.ም.) ገና ስምንት ዓመቱ ነበር። ባቡሩ ቆርቆሮና መስታወት ማምጣቱን አቀለለው፤ በዚያን ጊዜ ግን ብዙው ግንበኛ ድንጋዩን የሚያያይዘው በጭቃ ወይም በኖራ ነበር።

እንዲህ ያለ ግድግዳ ከመሬት የሚስበውን እርጥበት በኖራው በኩል ያስወጣል። ላዩ በሲሚንቶ ሲለሰን መውጫ ያጣል። ውሃው ወደ ላይ ይወጣል፣ ጨው ከልስኑ ጀርባ ይጠራቀማል፣ በመጨረሻም ልስኑ የድንጋዩን ፊት ይዞ ይረግፋል። ውስጥ ያለው ጭቃም ይላላል። የፕላስቲክ ቀለምም እርጥበቱን እንዲሁ ያፍናል።

ሥራው ከጣራ ይጀምር። አሸንዳው ከሰኔ በፊት ይጠረግ፤ የሚወርደው ውሃ ከመሠረቱ ይራቅ። ቀጥሎ ግቢው ይታይ። አፈርና ንጣፍ በላይ በላይ ሲደረብ መሬቱ ከወለሉ እኩል ይሆናል፤ ከወለሉ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከጣውላ ወለል ሥር ያሉት የአየር ቀዳዳዎች ከተደፈኑ ጣውላው ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይገባል። ይህ ሳይስተካከል ልስን መለሰን ገንዘብ ማባከን ነው።

ልስኑ በሲሚንቶ ሳይሆን በኖራ ይሁን፤ ኖራው በውሃ በርዶ (ውሃ ጠጥቶ ሟሙቶ) ቢያንስ አንድ ወር፣ ቢቻል ሦስት ወር ይቆይ። በደንብ ያልበረደ ፍንጣሪ ግድግዳው ላይ እያበጠ ልስኑን ያፈነዳዋል። አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ ጋር ይቦካል። አንዱ ንብር ከ1 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ሁለተኛው ከሳምንት ያህል በኋላ ይደረብ። ፀሐይ ቶሎ እንዳያደርቀው በረጠበ ጆንያ ይሸፈን። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ በቀስ ስለሆነ፣ የሐምሌ ዝናብ ሳይጠነክር ያጥበዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ አንድ ክንፍ እየተለቀቀ፣ ትምህርቱ ሳይቋረጥ ሊሠራ ይችላል። ስቲላቱራውም (በድንጋዮቹ መጋጠሚያ የሚሞላው) በኖራ ይሁን፤ የሲሚንቶው ከለስላሳ ድንጋይ ይልቅ ስለሚጠነክር ጠርዙን ይሰብረዋል።

የጨረታ ሰነድ የምታዘጋጁ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ የአዲስ ሕንፃ የሥራ ዝርዝር ገልብጣችሁ አታውጡ። ቅርስ ለሆነ ሕንፃ ጥገና አስቀድሞ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይደነግጋል። በርና መስኮቱንም በአልሙኒየም አትለውጡ፤ ብዙውን ጊዜ የበሰበሰው የታችኛው ጫፍ ብቻ ነው፤ እሱን ቆርጦ በደረቅ እንጨት መቀጠል ለአናጢ ከባድ አይደለም።

የሕንፃ ጥገና ባለሙያዎች
አዲስ አበባ