ከድንኳኑ ደጅ የተመለስኩ ዕለት

ይድረስ ለወንድሜ ለሙሉቀን፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክህን ሳላነሳ ቆይቼ ዛሬ በደብዳቤ ስመጣ ሳይገርምህ አይቀርም። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሳይጠራ ዘግቼዋለሁ።

እናትህ እትዬ አስካለ የተቀበሩ ዕለት ጠዋት መጥቼ ነበር፤ አላየኸኝም። ከድንኳኑ ደጅ ቆሜ፣ ነጠላህን አዘቅዝቀህ ከአጎትህ ጎን ስትቀመጥ አየሁህ። ሌሊቱን ስልኬ ላይ የወሲብ ቪዲዮ ሳገላብጥ ነው ያነጋሁት። በዚህ እጄ እንዴት ልቀፍህ? እግሬ እምቢ አለኝ። በእጃቸው ያጎረሱኝን እናት ሳልቀብር ተመለስኩ።

ነገሩ ቪዲዮ ብቻ አልነበረም። ደመወዜ ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው ሴቶች ጋ ያልቅ ነበር፤ እጮኛዬም በዚሁ ሄደች። ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ፣ ጾምኩ፣ ሰገድኩ። ፍልሰታን በንጽሕና አሳልፌ ጾሙ በተፈታ በሦስተኛው ቀን እዚያው ተገኘሁ። ሁለተኛ ስሄድ አባ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ሐኪምንም የፈጠረ እሱ ነው» ብለው ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ላኩኝ። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ባለሙያዋ ስንት ጊዜ እንደማደርገው አልጠየቀችኝም፤ በዚህ የተነሳ ምን እንደቀረብኝ ነው የጠየቀችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ችግሩ «አስገዳጅ የወሲብ ባሕርይ ሕመም» ተብሎ ግፊትን መቆጣጠር ካለመቻል ሕመሞች ጋር ሰፍሯል። ሰው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ራሱን መግታት አቅቶት ኑሮው ሲናጋ ነው እንጂ፣ «ኃጢአት ሠራሁ» ብሎ መጨነቁ ብቻ ሕመም አያሰኝም። ሱስ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ገና አልበረደም። እኔ ግን ስሙን ሳገኝለት አለቀስኩ።

ከዚያ ደብተር አስገዛችኝ። ፍላጎቱ ከመምጣቱ በፊት በነበረው አንድ ሰዓት ምን እንደሆንኩ እንድጽፍ። ከወር በኋላ አብረን ስናነበው ስለ ሴት የሚያወራ ገጽ የለም ማለት ይቻላል። «አለቃዬ ሰው ፊት ሰደበኝ።» «አባቴ ደውሎ ከወንድሜ ጋር አወዳደረኝ።» አንዱን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «እሁድ፣ ዘጠኝ ሰዓት። የጎረቤት ቡና ሲቆላ ይሸተኛል። ማንም አልጠራኝም።»

ለካ ብቸኝነቴን ነበር የማስተኛው! ሲነጋ ደግሞ ኀፍረቱ ያቃጥለኛል፤ ለኀፍረቱም ያው መድኃኒት። ድንኳኑ ደጅ ያቆመኝ እሱ ነው፤ ከአንተ በራቅኩ ቁጥር ይብስብኝ ነበር።

አሁን በየሳምንቱ እሄዳለሁ። ስልኬ የሚያድረው እኅቴ ክፍል ነው። ግፊቱ ሲመጣ ከመታገል ይልቅ «መጣህ?» ብዬ እቀመጣለሁ፤ ያይላል፣ ከዚያ እንደ ዝናብ ያባራል። ድብርት ስለነበረብኝ የሥነ አእምሮ ሐኪም መድኃኒት አዞልኛል። አልዋሽህም፣ ታኅሣሥ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። እሱንም ደብተሩ ላይ ጻፍኩት እንጂ እንደ ድሮው አልተደበቅኩም።

ይቅር በለኝ ወንድሜ። ፈቃድህ ከሆነ እትዬ አስካለ መቃብር አብረን እንሂድ። ልትደውልልኝ ብትፈልግ ደግሞ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሁን፤ አነሳለሁ።

ወንድምህ ብሩክ