በእጃችን ያወጣነው እምቦጭ ተመልሶ ጣና ገባ

ለወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ክቡር ሆይ፣ በጥር አንድ ጊዜ፣ በመጋቢት ደግሞ ሁለት ጊዜ ማመልከቻ አስገብተን የጽሑፍ መልስ በማጣታችን ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። የጠየቅነው ገንዘብ አልነበረም፤ ከሐይቁ ያወጣነውን እምቦጭ የተባለ የውሃ አረም አብስብሰን ኮምፖስት (የተፈጥሮ ማዳበሪያ) የምናደርግበት፣ በክረምት ውሃ የማይደርስበት ጥቂት የወል መሬትና አሠራሩን የሚያሳየን አንድ ባለሙያ ነበር።

ስምንት አባወራዎች ከነቤተሰቦቻችን አልቅት እየነከሰን ደረታችን ድረስ ውሃ ገብተን ሠርተናል። ባለቤቴ የሚጠባ ልጇን ለእናቴ እየተወች ትወርድ ነበር። ከሰው ቁመት በላይ የከመርነው አረም መልሳችሁን ሲጠብቅ ከርሞ፣ ነሐሴ ላይ ሐይቁ ሞልቶ ከነዘሩ ወሰደው። የእምቦጭ ዘር በደለል ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ እንደሚችል እናንተ ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ፤ ታዲያ ክምሩ ዳርቻው ላይ እንዲቀር እንዴት ፈቀዳችሁ?

መሬቱን ስለመከልከላችን በቃል የተነገረን ምክንያት «ዘሩ ከኮምፖስቱ ጋር ሄዶ ማሳ ውስጥ ይበቅላል» የሚል ነው። ውሃ ለሚተኛበት የሩዝ ማሳ ስጋቱ እውነት ስለሆነ አናቃልለውም። ነገር ግን አረሙ ሳያብብ ከተነቀለ፣ ከዘጠኝ አሥረኛው በላይ ውሃ በመሆኑ አስቀድሞ ከጠወለገ፣ ከዚያም ተከትፎ ከጭድና ከፍግ ጋር ተደባልቆ ክምሩ በሚገባ እስኪግል ድረስ ደጋግሞ ከተገላበጠ፣ ዘሩን የሚገድለው ያው የክምሩ ሙቀት ነው። ባለሙያ የጠየቅነውም ሙቀቱን እየለካ እንዲያረጋግጥልን ነበር፤ መጀመሪያም በቆሎና ሽንኩርት ላይ እንጂ ሩዝ ላይ አንሞክረውም።

እምቦጩን ያወፈረው የርብ፣ የጉማራና የመገጭ ወንዞች ከማሳችን አጥበው ያወረዱት አፈርና በውድ የገዛነው ማዳበሪያ ጭምር ነው። በየዓመቱ ዩሪያ ለመግዛት ሰልፍ የምንቆም ገበሬዎች፣ ከመሬታችን የሄደውን ለምነት በጉልበታችን እንመልስ ስንል መከልከላችን እጅግ ያሳዝነኛል፤ ያስቆጣኛልም።

መሬቱ የማይፈቀድ ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይድረሰን። ከጥቅምት በኋላ ውሃው ሲሸሽ እንደገና ወደ ሐይቁ እንገባለን፤ የምናወጣውን የት እንደምንከምር ከዚያ በፊት ማወቅ አለብን።

ከጣና ዳርቻ አንድ ገበሬ