እሑድ ሳትነሱ እንዲደርስህ

ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ? እናታችንስ? ልጆቹስ ከነእናታቸው ደህና ናቸው? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴ ያሳፍራል፤ ይቅር በለኝ። ላንተ ሰበብ መደርደር አይሆንልኝም። ቤተሰቡን በሙሉ በመኪና ይዘህ ለዕረፍት እንደወጣህና እሑድ እንደምትመለሱ ብሰማ ጊዜ ነው ዛሬውኑ ለመጻፍ የተቀመጥኩት። የኔ ወሬ ይቆይ፤ ያሳሰበኝ የመመለሻችሁ ቀን ነው።

መቼም መሪ ከጨበጥክ ቤትህ ደጃፍ እስክትደርስ አትለቅም። ልጆቹ «አባዬ፣ እዚያ ምን አለ?» ሲሉህ «ሌላ ጊዜ» ነው መልስህ። ለአንድ ፏፏቴ ብሎ ያን ሁሉ መንገድ ዳግም የሚነዳ የለምና ያ ሌላ ጊዜ አይመጣም። እባክህ ዘንድሮ ቁምላቸው።

ደግሞ በድንገት መቆም ደስ የሚለው ጊዜው አስቀድሞ ከተተወለት ነው። የት እንደምትቆሙ አታቅድ፤ ቤት የምትገባበትን ሰዓት ብቻ ቁረጥና ወደ ኋላ ቁጠር። መንገዱ 360 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ በአማካይ በሰዓት 60 ብትነዳ 6 ሰዓት ነው። ለነዳጅና ለመጸዳጃ 1 ሰዓት ጨምር። ከጧቱ 1 ሰዓት ተነስታችሁ 11 ሰዓት ላይ ለመግባት ካሰብክ 3 ሰዓት ይተርፍሃል። እሱ የልጆቹ ነው፤ አትንካባቸው።

ሰው የሚሳሳተው ከዋናው መንገድ ሲገነጠል ነው። ምልክቱ (በብዙ አገር የመስህብ ምልክት ቡናማ ሰሌዳ ላይ በነጭ ይጻፋል) «12 ኪሎ ሜትር» ቢልህ ቅርብ ይመስልሃል። ኮረኮንች ከሆነና በሰዓት 30 ከሄድክ መግቢያው 24 ደቂቃ፣ መውጫው ሌላ 24። ከመኪና ወርዶ፣ ጫማ ቀይሮ፣ አይቶ፣ ተሰብስቦ እስኪገባ ቢያንስ አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው! ስለዚህ እንዲህ ያለውን አንድ ብቻ ያዝ፤ የቀረው ጊዜ ለመንገድ ዳር እይታ ይበቃል። ትልቁ በመንገዱ የመጀመሪያ አጋማሽ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹ ይነጫነጫሉ፣ ያንተም ዓይን ይዝላል። ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰውነት በራሱ እንቅልፍ ይጠራል። ያኔ ካዛጋህ ተራ ለልጆቹ እናት ስጥ፤ ካልሆነም ጥላ ፈልገህ ቡናህን ጠጣና 20 ደቂቃ አሸልብ። ቡናው የሚያነቃህ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ስለሆነ ስትነሳ ያግዝሃል።

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገርህ። አንድ ሰው «ውይ፣ እዩት እዩት!» ብሎ ሲጮህ እግርህ ፍሬን ላይ እንዳያርፍ። ካለፈህ አለፈህ፤ በኋላ ማርሽ አትመለስ፣ ወደፊት ሄደህ መዞሪያ ፈልግ። ኩርባ ላይና አቀበት ጫፍ ላይ አትቁም፤ ከኋላ የሚመጣው አያይህም። አራቱም ጎማ ከአስፋልት የሚወጣበት፣ ከሩቅ የሚታይ ሜዳ ይሁን። ረጅም ደረቅ ሣር ላይ ግን አታቁም፤ የጋለ የጭስ ማውጫ ሣሩን ሊያቀጣጥለው ይችላል። የእጅ ፍሬን ሳብና መጀመሪያ አንተ ውረድ፤ ልጆቹን መኪና በማያልፍበት በኩል በሩን ከፍተህ አውርዳቸው።

ትንሹ ቢተኛ እንኳ «አንቀስቅሰው» ብላችሁ መኪና ውስጥ ትታችሁት እንዳትሄዱ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በ10 ደቂቃ ብቻ በ10 ዲግሪ ገደማ ሊጨምር ይችላል፤ መስኮት ገርበብ ማድረግ እምብዛም አይረዳም። ወይ ታቅፋችሁት ሂዱ፣ ወይ አንዳችሁ አብራችሁት ቅሩ።

ዕቃ ስትጭኑ የሁሉንም መራመጃ ጫማ፣ ሹራብ፣ ውኃና አንድ ፎጣ በትንሽ ቦርሳ አድርጋችሁ ከሁሉ በላይ አስቀምጡ። ሻንጣ ሥር ከተቀበረ «ተዉት በቃ» ተብሎ ይቀራል። ዋጋ ያለውን ነገር ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ሸፍኑት፤ ማቆሚያው ላይ ስትደብቁ የሚያይ አይጠፋም።

እናታችን ጉልበቷ የሚያማት ይመስለኛል፤ እንደ ድሮው ነው ወይስ ተሻላት? ረጅም መቀመጥ እግር ያሳብጣልና፣ የሚታይ ነገር ባይኖርም በየሁለት ሰዓቱ 15 ደቂቃ ወርዳ ትንሽ ትራመድ። የት እንደሚቆም ለአንዴ እንኳ እሷ ትምረጥ፤ ደረጃ የሌለበትን እንደምትመርጥ እርግጠኛ ነኝ፣ እናንተም በሙሉ ልብ ተከተሏት።

በዚህ ሁሉ ምክር እንዳታኮርፈኝ። የምትነሱበትንና ቤት የምትገቡበትን ሰዓት፣ የመንገዱንም ርቀት ብቻ ላክልኝ፤ ከስንት ሰዓት በኋላ ከዋናው መንገድ መገንጠል እንደሌለባችሁ አስልቼ ቅዳሜ ማታ እልክልሃለሁ።

ወንድምህ