የአባቴ መቃብር አሰብ ነው

ይድረስ ሦስት ማመልከቻዎቼ ጠረጴዛዎ ላይ ላሉት ኃላፊ፣

ከአሰብ የተፈናቀልን ሰዎች የወገኖቻችንን መቃብር እንድንጎበኝ ሦስት ጊዜ በመዝገብ ቤት በኩል ጻፍኩልዎ፤ መልስ የለም። አራተኛውን ሕዝብ ያንብበው ብያለሁ።

የተወለድኩት አሰብ፣ ካምፖ ሱዳን ነው። አባቴ የወደብ ሠራተኛ ነበር፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። በ1990 ጦርነቱ ተነስቶ ወደቡ ሥራ ሲያቆም እናቴ እኔንና ሁለት እህቶቼን ይዛ ወጣች። የልደት ወረቀታችን፣ የአባቴ የሥራ ደብተር፣ ሁሉም እዚያ ቀረ።

ሐምሌ 2 ቀን 2010 አስመራ ላይ የሰላም ስምምነቱ ሲፈረም እናቴ እልል አለች። የትራንስፖርትና የመገናኛ ግንኙነት እንደሚጀመር በዚያ ሰነድ ላይ ሰፍሯል፤ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። መስከረም 1 ቀን 2011 ወደ አሰብ የሚወስደው የቡሬ መንገድ ሲከፈት ነጠላዋን አጥባ፣ አጣጥፋ አስቀመጠች። ጉልበቷን ያማት ስለነበር «ትንሽ ሻል ይበለኝና እሄዳለሁ» አለች። መንገዱ ግን ዓመት እንኳ ሳይሞላው ተዘጋ። እሷም የባሏን መቃብር ሳታይ አረፈች። ነጠላው እንደታጠፈ ሳጥን ውስጥ ነው።

መሥሪያ ቤትዎ ስመጣ ምን ተባልኩ? «አሰብ መኖራችሁን የሚያሳይ ሰነድ አምጣ።» ሰነዱ የቀረው አሰብ ነው! ከጦርነት የሸሸች ሴት ልጆቿን ትያዝ ወይስ ፋይል? ስመለስ ደግሞ «ይህ የመንግሥታት ጉዳይ ነው» አሉኝ። ታዲያ እኔ ወደ ማን ልሂድ? እናንተ መንግሥት አይደላችሁምን?

ዛሬ የአሰብን ስም የማያነሳ የለም። ስለ ወደቡ በየመድረኩ ይነገራል፤ እዚያ ኖረን ስለተፈናቀልነው ሰዎች ግን አንድ ቃል አልሰማሁም። እኔ ወደብ አልጠየቅኩም። ጦርነትማ ከቶ አልፈልግም፤ ያደረገንን አይቻለሁ። ሁለቱ መንግሥታት በተገናኙ ቁጥር የተፈናቃዮች ጉብኝት ይነሳ፤ ሰነድ የሌለን በሰው ምስክር እንመዝገብ። ፍርድ ቤት እንኳ ምስክር ይሰማል።

እናቴ የመቃብሩን ቦታ በቃል አስጠንታናለች፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በግራ በኩል ሦስተኛው ረድፍ፣ ራስጌው ላይ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የብረት መስቀል። አሁን ለስምንት ዓመት ልጄ እያስጠናኋት ነው። ረድፉን ትስተዋለች፤ ሁለተኛው ትላለች።

መልስዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።