ለአባቴ፦ በናካ ጫካ ስላሳለፍሁት የልምምድ ሳምንት

ስቶክሆልም፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር «በጨለማ ጫካ ውስጥ የምትሮጪው ለምንድን ነው? መንገዱንስ ማን ያሳይሻል?» ብለው ጠይቀውኝ፣ መስመሩ ስለተቋረጠ መልሱን ሳልነግርዎ ቀረሁ። ጥያቄዎ በሁለት ቃል የሚመለስ አይደለም። ደግሞም እርስዎ ዕድሜዎን በቅየሳና በካርታ ሥራ ያሳለፉ ሰው ስለሆኑ፣ ነገሩን ከማንም በተሻለ እንደሚረዱኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ያለፈውን ሳምንት ልምምዴን በዝርዝር ልጽፍልዎ ወሰንሁ።

ስፖርቱ ኦሪየንቴሪንግ ይባላል። ሯጩ ካርታና ኮምፓስ ይዞ፣ በካርታው ላይ በተራ ቁጥር የተመለከቱትን የመቆጣጠሪያ ነጥቦች አንድ በአንድ እየፈለገ ያገኛል፤ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው በየት በኩል እንደሚሻል ግን የሚወስነው እርሱ ራሱ ነው። በየነጥቡ ብርቱካናማና ነጭ ቀለም ያለው ጨርቅ ተሰቅሏል፤ አጠገቡም ሯጩ በጣቱ ያሰራትን ቺፕ የሚያስነካበት ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ያ መሣሪያ መድረሱንና የደረሰበትን ሰዓት ይመዘግባል። ነገሩ የተጀመረው በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ በስዊድንና በኖርዌይ ጦር ውስጥ እንደ ወታደራዊ ልምምድ ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ኤርንስት ኪላንደር የተባለ ስዊድናዊ የጦር መኮንን ከስቶክሆልም በስተደቡብ ባለው ጫካ ከ200 በላይ ሰዎች የተካፈሉበትን ውድድር አዘጋጀ፤ ስፖርቱ በሕዝቡ ዘንድ የተስፋፋውም ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የምሮጥበት የናካ ጫካ ከዚያ አካባቢ ብዙም አይርቅም።

ካርታው ለእርስዎ እንግዳ አይሆንብዎትም፤ ልዩነቱ ግን ያስደስትዎታል ብዬ አስባለሁ። እርስዎ በመስክ ይዘውት ይዞሩ የነበረው ካርታ መጠኑ 1፡50,000 ነበር፤ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት የከፍታ መስመሮቹም የሚሰመሩት በየ20 ሜትሩ ነበር። የእኛ ካርታ ብዙውን ጊዜ 1፡10,000 ሲሆን፣ የከፍታ መስመሮቹ በየ5 ሜትሩ ይሰመራሉ፤ በመሆኑም በእርስዎ ካርታ ላይ ፈጽሞ ቦታ የማያገኝ፣ የሰው ቁመት የሚያህል ብቸኛ ቋጥኝ፣ በእኛ ላይ በጥቁር ነጥብ ይታያል። ነጭ ቀለም ባዶ መሬት ማለት ሳይሆን እንደ ልብ የሚሮጥበት ጫካ ማለት ነው። ቢጫው ገላጣ ሜዳ ነው፤ አረንጓዴው ደግሞ እየደመቀ በሄደ ቁጥር ሰውን የማያሳልፍ ጥቅጥቅ ያለ ዱር መሆኑን ያመለክታል። አንዱን ነገር በተለይ ለእርስዎ ልንገርዎ፦ ካርታው የሚዘጋጀው ኮምፓስ ወደሚያመለክተው መግነጢሳዊ ሰሜን ተቃንቶ ነው፤ ስለዚህ እርስዎ በኮምፓሱና በካርታው ሰሜን መካከል ያለውን ልዩነት ለማቃናት ይሠሩት የነበረው ስሌት እዚህ አያስፈልግም።

ሰኞ ዕለት ሰውነቴን ለማፍታታት ያህል ቀስ ብዬ ሮጥሁ። ማክሰኞ ሄላስጎርደን በሚባለው ስፍራ፣ መብራት በተተከለለት የጫካ መንገድ ላይ፣ ዳገቱን በፍጥነት እየወጣንና ቁልቁለቱን በእርምጃ እየወረድን የጉልበት ልምምድ አደረግን። በክለባችን ያሉ አረጋውያን ኢትዮጵያዊት መሆኔን ሲሰሙ አስቀድመው የሚያነሡት የአበበ ቢቂላን ስም ነው፤ ቀጥለውም አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ከስዊድን የሄደ ሰው እንደነበረ በኩራት ይናገራሉ። እኔም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈበት ዕለት የዘመን መለወጫ ዋዜማ እንደነበረ ስነግራቸው ይገረማሉ። ያን ዓመት የእንቁጣጣሽን በዓል በእጥፍ ደስታ እንዳከበራችሁት ያጫወቱኝን ለእነርሱም አጫወትኋቸው።

እርስዎን ያሳሰበዎ የረቡዕ ማታው ልምምድ ነው። በዚህ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ስለሆነ፣ ከሥራ በኋላ በቀን ብርሃን መሮጥ አይቻልም፤ በግንባራችን ላይ ባትሪ አስረን እንገባለን። ባትሪው የሚያሳየኝ ፊት ለፊቴ ያለውን ጥቂት ርቀት ብቻ ነው፤ ቀን ቢሆን ከሩቅ የሚታየው ኮረብታ፣ የሐይቁ ዳርቻና የዛፉ ዓይነት ሁሉ በጨለማው ይዋጣል። ስለዚህ ከመነሳቴ በፊት በጨለማም ቢሆን ልስተው የማልችለውን ነገር፣ ለምሳሌ የእግር መንገድ ወይም የረግረግ ዳር፣ ከካርታው ላይ እመርጥና እርሱን ተከትዬ ወደ ነጥቡ እቀርባለሁ። ከነጥቡ አጠገብ ደግሞ አንድ የታወቀ ስፍራ፣ የመንገድ መገንጠያ ወይም ትልቅ ቋጥኝ፣ መንደርደሪያ አደርጋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የመጨረሻውን መቶና ሁለት መቶ ሜትር በኮምፓስና በእርምጃ ቆጠራ እጨርሳለሁ።

ቆጠራውን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በልጅነቴ መስክ ይዘውኝ ሲሄዱ በቀኝ እግርዎ በረገጡ ቁጥር ብቻ ይቆጥሩ ነበር፤ እዚህም የሚቆጠረው በዚያው መንገድ ነው። ሆኖም በደልዳላ መንገድ ላይ 40 ያህል ጥንድ እርምጃ የሚበቃው 100 ሜትር፣ በእርጥብ አለትና በቁጥቋጦ መካከል 50 እና ከዚያም በላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሯጩም ቆጠራውን እንደ መሬቱ ዓይነት እየለዋወጠ መያዝ አለበት። የእርስዎ ቆጠራ በእርጋታ እየተራመዱ የሚደረግ ነበር፤ የእኔ ግን እየሮጥሁ፣ ትንፋሽ እያጠረኝ የሚደረግ ነው፤ ይሁንና በጨለማው ውስጥ ቁጥሩን ስጀምር ከጎኔ ያሉ ያህል ይሰማኛል።

ስለ ደኅንነቴም አይጨነቁ። እያንዳንዱ ሯጭ ፊሽካ ይይዛል፤ ልምምዱን ያቋረጠ ሰው እንኳ ወደ ማብቂያው ሄዶ መመለሱን ማስመዝገብ ግዴታው ነው፤ ያልተመዘገበ ሰው ካለ ማንም ወደ ቤቱ ሳይሄድ ፍለጋ ይወጣል። የተጎዳ ሰው ያየ ሯጭ ውድድሩን ትቶ መርዳት እንዳለበትም በደንቡ ተጽፏል። እዚህ አገር ከአውሬ ይልቅ የሚያሳስበው መዥገር ነው፤ በሽታ ስለሚያስተላልፍ አንዱን ሕመም የሚከላከለውን ክትባት ወስጃለሁ፤ ከጫካ በተመለስሁ ቁጥርም ገላዬን በሙሉ እፈትሻለሁ። ይህንን ለእናቴም ይንገሩልኝ።

ሐሙስና ዓርብ የዕረፍት ቀኖች ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ሐሙስ ማታ ብቻ የቆየ የውድድር ካርታ በጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ መንገድ መምረጥ ተለማመድሁ።

ቅዳሜ የተሰጠን ካርታ ግን ከሁሉ የበለጠ ያስደሰተኝ ነው። የእግር መንገዱ፣ ውኃው፣ ቋጥኙና የጫካው ቀለም ሁሉ ተወግዶ፣ ቡናማዎቹ የከፍታ መስመሮች ብቻ የቀሩበት ወረቀት ነበር። የሚደገፉበት ነገር ሁሉ ሲወሰድ፣ ዓይን ተረተሩን ከሸለቆው፣ በሩን፣ ማለትም በሁለት ከፍታዎች መካከል ያለውን ዝቅ ያለ መተላለፊያ፣ ከጉብታው ለይቶ ማየት ይገደዳል። ከሦስተኛው ነጥብ ወደ አራተኛው ለመሄድ አንድ ረዥም ተረተር ማቋረጥ ነበረብን፤ በቀጥታ መውጣት አምስት የከፍታ መስመር፣ ማለትም 25 ሜትር፣ ያስወጣል፤ በስተምሥራቅ በኩል ግን መስመሮቹ ከግራና ከቀኝ ተጠጋግተው በመካከላቸው ጠባብ በር እንዳለ ያሳያሉ። በዚያ በር አለፍሁ፤ መሬቱም ልክ ወረቀቱ እንደሚለው ሆኖ ተዘርግቶ ጠበቀኝ። መሬቱን ሳያዩ በሐሳብ ማቆም፣ ከዚያም ሄዶ በእግር ማረጋገጥ እንዴት ያለ ደስታ እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እኔ እንደማምነው የዚህ ስፖርት ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች የሩጫ ስፖርት አድርገው ያዩታል፤ በአስፋልት ላይ ከእኔ እጅግ የሚፈጥኑ ወጣቶችም ከእኛ ጋር ይለማመዳሉ። ነገር ግን በአስፋልት 1 ኪሎ ሜትርን በ4 ደቂቃ ተኩል የሚሮጥ ሰው በዚህ ጫካ ውስጥ 7 እና 8 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በአንድ ነጥብ አካባቢ መሬቱ ሲምታታበት ደግሞ በፍጥነቱ ያተረፈውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ያጣዋል። አሠልጣኛችን ደጋግማ የምታሳስበን እግራችን ከንባባችን እንዳይቀድም ነው፤ መሬቱ ግልጽ በሆነበት እንድንፈጥን፣ ወደ ነጥቡ ስንቀርብ ፍጥነታችንን በፈቃዳችን እንድንቀንስ። በዚህ ምክንያት በስፖርቱ ውስጥ ሽማግሌዎችም ቦታ አላቸው፤ ከ35 ዓመት ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ የተከፈለ የዕድሜ ምድብ ስላለ፣ በ80ዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ካርታቸውን ይዘው ሲወዳደሩ አያለሁ። ባየኋቸው ቁጥር እርስዎን አስባለሁ።

እሑድ ረዥሙ ሩጫ ነበር፤ ነጥቦቹ የተራራቁ ስለነበሩ ዋናው ሥራ መንገድ መምረጥ ነበር። ከስድስተኛው ወደ ሰባተኛው ነጥብ ባለው ርቀት ላይ የክለባችን አባላት እስካሁን አልተስማሙም፤ ግማሹ በሐይቁ ሰሜን በእግር መንገድ መዞር ይሻላል ይላል፤ እኔና ጥቂት ሰዎች በደቡብ በኩል ረግረጉን ጠርዝ ጠርዙን ይዞ ማለፍ እንደሚያዋጣ እናምናለን። ካርታውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤልዎታለሁ። መነጽርዎን አድርገው፣ በእርሳስ የሚመርጡትን መንገድ ያስምሩበትና እኅቴ ለገና በዓል ወደዚህ ስትመጣ ይላኩልኝ፤ ምክንያትዎንም በኅዳጉ ይጻፉልኝ፤ ከክለቡ ሰዎች ጋር ቁጭ ብለን እናነበዋለን።

ለእናቴና ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ የከበረ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።

አክባሪ ልጅዎ