ከታላቁ ሩጫ በኋላ ስላለው ሰኞም ጻፉልን

ውድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ እጄ ሲገባ ቀድሜ የምገልጠው ስፖርት ገጹን ነው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ ሲደርስ ቲሸርቱን፣ የሕዝቡን ብዛት፣ መስቀል አደባባይን ምናምን ትጽፋላችሁ፣ ፎቶውም ደስ ይላል፣ ከዛ ግን በቃ እስከሚቀጥለው ምዝገባ ድረስ ስለኛ ስለተራዎቹ ሯጮች አንድ መስመር አይወጣም። ሰው የሚጨነቀው ግን ያኔ ነው።

እኔ ባለፈው ኅዳር ለመጀመሪያ ጊዜ 10 ኪሎ ሜትሩን ሳልቆም ጨረስኩ። ሦስት ወር ሙሉ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እየተነሳሁ፣ መጀመሪያ አካባቢ አንድ ፌርማታ ሮጬ አንድ ፌርማታ በእርምጃ እየሄድኩ ነው የለመድኩት። ሜዳሊያው አንገቴ ላይ ሲገባ አለቀስኩ። የመጀመሪያውን ሳምንት አረፍኩ፣ እሱ ልክ ነው፣ ትላልቆቹ አትሌቶቻችንም ከማራቶን በኋላ ያርፋሉ። የከበደኝ ሁለተኛው ሳምንት ነው። እግሬን አያመኝም፣ ጊዜም አለኝ፣ ግን አላርሙ ሲጮህ "አሁን ለምን ብዬ ነው የምነሳው?" እያልኩ ተመልሼ እተኛለሁ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ሲቀሰቅሰኝ የነበረው ካላንደሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የከበብኩት እሁድ ነው፣ እሱ ሲያልፍ የሚቀሰቅሰኝ ጠፋ። ሜዳሊያውን በር ኋላ ሚስማር ላይ ሰቅዬው ነበርና በሩ በተከፈተ ቁጥር ቅጭል ይላል፣ ታኅሣሥን ሙሉ ያን ድምፅ ስሰማ ሆዴ ባር ባር ይል ነበር።

የመለሱኝ አንድ ጎረቤቴ ናቸው። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን ደርበው ኮንዶሚኒየሙን ግቢ ይዞራሉ። አንድ ቀን ወደ ሥራ ስወጣ አስቆሙኝና "ልጄ ምነው ጠፋሽ? አመመሽ እንዴ?" አሉኝ። "አይ ጋሼ፣ ውድድሩ አለቀ እኮ" ስላቸው ትንሽ ዝም አሉና "እንግዲያው ነገ በሩ ጋ እጠብቅሻለሁ" ብለውኝ ሄዱ። በዛ ብርድ ትልቅ ሰው ቆሞ እየጠበቀ እንዴት ይተኛል? ወጣሁ። ሰዓት ሳልይዝ፣ ኪሎ ሜትር ሳልቆጥር፣ 15 ደቂቃ ሶምሶማ ብቻ።

ከዛ ሁለት የግቢያችን ሴቶች አይተው ተቀላቀሉኝ፣ አሁን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ አብረን ነው የምንወጣው፣ ቅዳሜ መስቀል አደባባይ ሄደን ደረጃውን እንወጣለን እንወርዳለን። አንዷ ከቀረች ሌላዋ ትደውልላታለች። ደሞ አንድ ነገር ልበል፣ ሴት ልጅ በጨለማ ብቻዋን መሮጥ ከባድ ነው፣ ውሻው አለ፣ መንገድ ላይ የሚለክፈው አለ፣ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ያቆሙት ሰንፈው ሳይሆን አብሯቸው የሚወጣ ሰው አጥተው ነው። ስለዚ የትኛው ሰፈር በስንት ሰዓት ሰው ተሰባስቦ እንደሚሮጥ ጋዜጣችሁ ላይ ብታወጡልን ትልቅ እርዳታ ነው።

ሌላው የምለምናችሁ፣ ደራርቱ ቱሉን ጠይቁልን። ባርሴሎና ላይ በ1984 ዓ.ም ወርቅ ማምጣቷን የማያውቅ የለም፣ ኒውዮርክ ማራቶንን ያሸነፈችው ግን ከዛ 17 ዓመት ቆይታ፣ በ37 ዓመቷ ነው። መሃል ላይ ወልዳለች፣ ተጎድታለች፣ ጠፍታም ተመልሳለች። እኔ ያን መሃሉን ነው ማንበብ የምፈልገው። የኦሎምፒክ ወርቅ እቤቷ ቁጭ ብሎ፣ ማንም በማያያት ተራ ማክሰኞ፣ ያን ሁሉ ዓመት ከአልጋ ምን ያስነሳት ነበር? ከማንስ ጋር ነበር የምትወጣው? ገጽ ከጠበባችሁ አጭር ትሁን፣ ብቻ ለኅዳር አታቆዩብን።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከሰሚት