የላፕቶፕ ሙዚቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ሥራ

ክራር ሲመታ ያየ ታዳሚ ድምፁ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም፤ ጣትና ክር ሲገናኙ በዓይኑ ያያል። ላፕቶፕ ፊት የተቀመጠ ተማሪ ግን ሙዚቃ ይጫወት ወይም መልእክት ያንብብ አይታወቅም። የዓመቱ ሥራችን በሙሉ ይህን ክፍተት ማጥበብ ነበር።

የምንጫወተው በሶኒክ ፓይ ነው። ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ሙዚቃው እየተሰማ ኮዱን፣ ማለትም ድምፁን የሚያዝዘውን ጽሑፍ፣ መለወጥ ያስችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሃምቡርግ ላይ የተመሠረተው ቶፕላፕ፣ በኮድ የሚጫወቱ ሰዎች ስብስብ፣ ስክሪንን ለታዳሚ ማሳየትን ከመርሖቹ አንዱ አድርጎ ይዟል። እኛም ያለ ፕሮጀክተር አልተጫወትንም። ሆኖም ኮዱ ሲበዛ ከኋላ ለተቀመጠ ሰው የጉንዳን ሰልፍ ነው። ስለዚህ ፊደሉን አተለቅን፤ በአንድ ጊዜ ከ12 መስመር በላይ እንዳይታይ ወሰንን።

ብዙ ሳምንት የወሰደብን የዙሩ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚጫወተው የኮድ ክፍል፣ ርዝመት ነው። የተለወጠ ቁጥር የሚሰማው የተጀመረው ዙር አልቆ አዲሱ ሲነሳ ነው። በደቂቃ 120 ምት ሲኬድ 16 ምት ያለው ዙር 8 ሴኮንድ ይፈጃል። ኖታ የሚጻፈው በቁጥር ነው፤ ተማሪዋ 60ን አጥፍታ 65 ትጽፋለች፣ ቁልፉን ትጫናለች፤ ምንም የለም። ድምፁ ሲለወጥ ታዳሚው ቁጥሩን ረስቶታል። ዙሩን ወደ 4 ምት ስናሳጥር መጠበቁ ቢበዛ 2 ሴኮንድ ሆነ። ያኔ ሰው ቁጥሩን አይቶ ድምፁን በጉጉት ይጠብቃል፤ የዚህ ሙዚቃ ደስታም እዚያች መጠበቅ ውስጥ ነው። ለረጅም ዜማ ኖታዎቹን ደርድሮ በየዙሩ አንድ አንድ እንዲያነሳ ማዘዝ ይሻላል።

ለቅኝት አንቺሆዬን ወሰድን፦ 60፣ 61፣ 65፣ 66፣ 69። የፒያኖው እኩል ክፍፍል የመሰንቆን ለዛ ስለማይሰጥ፣ ፕሮግራሙም ነጥብ ያለው ቁጥር ስለሚቀበል፣ 66ን ወደ 65.8 ዝቅ እያደረግን በጆሮ አስተካከልን።

ቅንፍ ሳይዘጋ ቢቀር አያስደነግጥም፤ አዲሱ ኮድ ተቀባይነት ያጣል እንጂ የቀድሞው ሙዚቃ ይቀጥላል። ከዙር ውስጥ «ስሊፕ» የሚለው የመቆያ ትእዛዝ ከጠፋ ግን ያ ዙር ይቆማል። ከበሮና ዜማ በየራሳቸው ዙር የሚጻፉት ለዚህ ነው፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው መድረኩን ይይዛል። የወደቀው ሲነሳ ሌላውን ዙር ጠብቆ እንዲጀምር የሚያደርገው «ሲንክ» የሚባል ትእዛዝ ካልተጨመረለት ከከበሮው ጋር አይገጥምም።

ቻርጀር ሲሰካ ስፒከሩ የሚያጉረመርመው ላፕቶፑና ሚክሰሩ (ድምፆችን የሚያቀላቅለው መሣሪያ) በሁለት መንገድ ከመሬት ሽቦ ጋር ስለሚገናኙ ነው። ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መጫወት ችግሩን ይፈታዋል። የመሬት ሽቦውን መቁረጥ ግን የሰው ሕይወት ያጠፋልና በክበባችን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ከ30 ደቂቃ ለሚበልጥ ዝግጅት ዲአይ ቦክስ፣ ማለትም ቻርጀሩ እንደተሰካ በላፕቶፑና በሚክሰሩ መካከል ገብቶ ጉርምርምታውን የሚያስቀር ሣጥን፣ ያስፈልጋል፤ ለመጪው ዓመት የጠየቅነውም ሁለት ዲአይ ቦክስና ላፕቶፑን በጎን አስቀምጠን የተጫዋቹ እጅ የሚታይበት ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ነው።